ዐይኑን የጨፈነው እንግዳ

አንድ ሰው ነበረ፤ ጆሮው እንጀራው ነበር።

አርባ መዘምራን ፊቱ ቆመው ሲዘምሩ፣ ከአርባው የአንዲቱ ድምፅ በፀጉር ውፍረት ዝቅ ቢል ያውቃል። ዐይኑን አይገልጥም። ጣቱን ብቻ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ይቀስራል። የተቀሰረባት ልጅ ትደነግጣለች፣ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች፣ ዜማው ይስተካከላል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖረ። ሰው ሁሉ «መምህር» ይለው ነበር፤ እኔም መምህር እያልኩ እነግርሻለሁ።

ጥያቄሽን አልረሳሁትም። «እናቴን አእምሮዋ ከከዳት አራት ዓመት ሆነ፤ አንድ ቀን ስሜን እንድትጠራ አራት ዓመት ለመንኩ፤ እግዚአብሔር ግን ዝም አለኝ፤ ዝም ማለትና መተው ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ብለሽኛል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ቶሎ የሚመልስ ሰው ራሱ ጸልዮ አያውቅም። ስለዚህ እኔም ቶሎ አልመልስልሽም። ከመምህሩ ጋር ትንሽ ሂጂ።

፠

ጆሮው መሄድ የጀመረው ከላይ ነው፤ ከቀጫጭኑ ድምፅ።

መጀመሪያ ወፎቹ ጠፉ። ከቤቱ ፊት ለፊት ባለው ዛፍ ላይ ሲዘሉ ያያቸዋል፤ ምንቃራቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ የሚወጣ ነገር የለም። ወፍ የዘንድሮን ያህል ዝም ብሎ አያውቅም አለ። ቀጥሎ የበሩ ደወል ጠፋ። ቀጥሎ የእህቱ ድምፅ በስልክ ውስጥ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሆነ። ክረምት ገባ፤ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ያለ ድምፅ ወረደ። መምህሩ መስኮቱን ከፍቶ እጁን አወጣ። እጁ ረጠበ። እውነትም ዝናብ ነበር።

ከተማው እንደ ሕልም ሆነበት። የታክሲ ረዳቶች አንገታቸውን አውጥተው ይጣራሉ፤ የሚጠሩት ሰፈር የለም። ሁለት ሴቶች መንገድ መሐል ቆመው ይጣላሉ፤ ጠባቸው በመስታወት ማዶ እንዳለ ጠብ ነው። መኪና ከኋላው መጥቶ ክንዱን እየታከከ ያልፋል፤ ሹፌሩ ዞሮ አንድ ነገር ይለዋል። ስድብ መሆኑን ከጥርሱ ያውቃል፤ የትኛው ስድብ እንደሆነ ግን አያውቅም።

ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ ብዙ ተናግሮ፣ ተናግሮ፣ በመጨረሻ ነገሩ ገባውና ወረቀት ስቦ ጻፈለት። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውም ዓመት አይሞላውም።

መምህሩ ወረቀቱን አጥፎ በኪሱ ከተተ፤ ለማንም አልተናገረም።

መደበቅን ተማረ። ከሰው አፍ ላይ ማንበብ ጀመረ። ያልገባው ነገር ሲሆን ራሱን ይነቀንቃል፤ ራስ መነቅነቅ ለብዙ ጥያቄ ይበቃል። በልምምድ ሰዓት ደግሞ እንደ ቀድሞው ዐይኑን ጨፍኖ ይቆማል፤ ጣቱንም እንደ ቀድሞው ይቀስራል፤ ነገር ግን በግምት ነው። የተቀሰረባት ልጅ ትደነግጣለች፤ ያልተበላሸውን ታርማለች፤ ደህናው ዜማ ይበላሻል። እሱ ይህን አይሰማም። ከሌሎቹ ፊት ላይ ግን ያየዋል። ከነገሩ ሁሉ ያሳፈረው ይህ ነበር።

፠

ከእፍረቱ በታች ሌላ ነገር ነበር፤ እሱን ደግሞ ለራሱ እንኳ ጮክ ብሎ አልነገረም።

መምህሩ እግዚአብሔርን ያወቀው በጆሮው ነው። አንዳንድ ቀን፣ በዓመት ሁለቴ ወይም ሦስቴ፣ አርባው ድምፅ አንድ ሲሆን፣ በአንድነቱ ውስጥ ማንም ያልዘመረው አርባ አንደኛ ድምፅ ይሰማው ነበር። ከየት እንደሚመጣ ጠይቆ አያውቅም። በመጣ ቀን ምሳ አይበላም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተነሥቶ የሄደው ለዚያ ድምፅ ነው።

እሱም ጠፋ። ጠዋት ተንበርክኮ ዐይኑን ይጨፍናል፣ ይጠብቃል፣ ይነሣል። ጉዳይ ይዞ ቢሮ የሄደ፣ ዘበኛው በእጁ ምልክት «የሉም» ያለው ሰው ይመስላል። በማግስቱም ይሄዳል። የሉም። በሦስተኛውም።

ስለዚህ ቆረጠ። መጪው እሑድ በዓል ነበር፤ መዘምራኑ አዲስ ልብስ ለብሰው የሚቆሙበት። ያን ቀን አሳልፎ ከዚያ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያን እግሩን ላያነሣ ወሰነ። ስንብት የለም፤ ምክንያት መስጠት የለም። የማይሰማው አምላክ ቤት ቆሞ ጣቱን በውሸት ከመቀሰር፣ ቤቱ ተቀምጦ ዝናብ ቢያይ ይሻለዋል።

ለእንዲህ ያለው ውሳኔ ስሙ መሞት ነው፤ ቀብሩ ላይ ሰው አይጠራም እንጂ።

፠

የመዘምራኑን ልብስ የምትሰፋ አንዲት ወጣት ነበረች። ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም። ሰዎቹ ልኬታቸውን በጣታቸው ያሳዩዋታል፤ ዋጋ ሲከራከሩ ደግሞ ጮክ ይሉባታል፤ ለምን እንደሚጮሁ እነሱም አያውቁም።

ሐሙስ ዕለት መምህሩን ልትለካ መጣች። ሜትሩ አንገቷ ላይ ነው፤ ስፒሎቹ በከንፈሮቿ መካከል ናቸው። ትከሻውን ለካች፤ እጅጌውን ሰበሰበች፤ ስፒል ሰካች። ድንገት ቆመችና አየችው። ልብስ ሰፊ ሰውን የሚያይበት አስተያየት አለ፤ የቱ ጋ እንደሚጠብ፣ የቱ ጋ እንደሚሰፋ። እንደዚያ አየችው። ከዚያ የማስታወሻ ደብተሯን አወጣችና ጻፈች፦

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?» አላት።

በልብስ ማስመሪያ ጠመኔዋ ጫፍ ጆሮዋን ነካች።

መምህሩ ተቆጣ። ተሳስተሻል፣ እኔ የመዘምራን መሪ ነኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር እንዳትደግሚ ብሎ ተናገረ፤ ከዚያም የተናገረው እንደማይሰማት አስታውሶ ደብተሩን ቀማትና «ተሳስተሻል» ብሎ በትልቁ ጻፈ።

ልጅቷ ስፒሎቹን ከአፏ አውጥታ በእጅጌዋ ላይ ሰካች። ከሥሩ ጻፈች፦

«ከገባሁ ጀምሮ ሦስት ጊዜ አፌን አይተዋል። እኔ ደግሞ አልናገርም።»

 መምህሩ ወራት ሙሉ ከአርባ ሰው የደበቀውን በሩብ ሰዓት አወቀችበት። ተቀመጠ። የተሰካው ስፒል ትከሻውን ወጋው፤ አልተንቀሳቀሰም። እሷም አላባበለችውም። እንደገና ጻፈች፤ ወረቀቱን ቀድዳ ጉልበቱ ላይ አኖረችለት።

«ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት የማንሰማ ወጣቶች እንሰበሰባለን፤ ይምጡ። ከቀጥቃጮቹ በላይ ነን። ጫማ እናወልቃለን፤ ካልሲዎ ንጹሕ ይሁን።»

፠

ለምን ሄደ? ለራሱ ሲናገር ለይሉኝታ ነው አለ። እውነቱ ግን ፍርሃት ነው። መቃብሩን አስቀድሞ ሊያይ እንደሚሄድ ሰው ሄደ። እንዲህ ልሆን ነው፤ እስቲ ምን እንደምሆን ልየው ብሎ።

ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ከታች አሮጌ በርሜል እየቀደዱ ባልዲና መጥበሻ የሚያወጡ ሰዎች አሉ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ይቀጠቅጣሉ። የላይኛውን ክፍል የሚከራይ ጠፍቶ ነበር። አንድ የሒሳብ ባለሙያ ገብቶ በሳምንቱ ራሱን ይዞ ወጣ። የልብስ መተኮሻ ከፍተው የነበሩ ባልና ሚስት እርስ በርስ መስማማት አቅቷቸው ለቀቁ። ከዚያ እነዚህ ወጣቶች መጡ። ባለቤቱ፣ ሐቀኛ ሰው ነበርና፣ ድምፁ አያስቀምጣችሁም ብሎ በምልክት አስጠነቀቃቸው። ተያዩና ሳቁ። እንዲያውም የመረጡት ለዚያ ነበር። ወለሉ የሳንቃ ነው፤ ከታች መዶሻ ሲያርፍ ከላይ እግር ሥር ይንቀጠቀጣል። ቤቱ ልብ አለው ይላሉ።

መምህሩ ደረጃውን ሲወጣ ቅጥቀጣው በጆሮው ሳይሆን በደረቱ ገባ። በሩ ላይ ጫማ ተደርድሯል። ጫማውን አወለቀ።

ሃያ ሁለት ወጣቶች ነበሩ። አንዷ ጋራዥ ውስጥ መኪና ቀለም የምትቀባ ናት፤ ጥፍሮቿ ሥር ሰማያዊ አለ። አንዱ ዳቦ ቤት ያድራል፤ ቅንድቡ ዱቄት ነው። የቀሩት ተማሪዎች፣ ሸማኔዎች፣ ሥራ ፈላጊዎች። ልብስ ሰፊዋ መጥታ ክንዱን ይዛ አስገባችው። ወንበሮቹ በክብ ተደርድረዋል፤ ማንም ከማንም ኋላ አይቀመጥም። በዚያ ቤት ለሰው ጀርባ መስጠት ጆሮውን በእጅ እንደ መክደን ነው። መስኮቶቹ ሰፋፊ ናቸው፤ መጋረጃ የለም፤ የዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ሳትከለከል ትገባለች። ለእነዚህ ሰዎች ጨለማ ማለት ዝምታ ነው። ብርሃን ባለበት ሁሉ ይሰማማሉ።

ዝምታ ውስጥ ሊገባ ነበር የመጣው፤ ገበያ አገኘ። አንዱ ከዚህ ጥግ ሌላው ከዚያ ጥግ ሆነው በሰዎቹ ራስ ላይ ያወራሉ፤ መሐል ያለው ሦስተኛው ሰው ጨዋታውን ሰርቆ ይስቃል። አንዲት ልጅ ረጅም ታሪክ ትናገራለች፤ በታሪኩ ውስጥ አውቶቡስ አለ፣ ወፍራም ሴት አለች፣ ዶሮ አለች፤ መምህሩ አንድ ቃል ሳያውቅ ዶሮዋ ማምለጧ ገባው። ሳቅ አመለጠው፤ ከሳቀ ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር።

፠

ዳቦ ጋጋሪው ወጣት መብራቱን ሁለት ጊዜ አብርቶ አጠፋ። እጆች ሁሉ ወደ ጉልበት ወረዱ። ልጁ በክቡ መሐል ቆሞ ሁለት መዳፎቹን አገጣጠመ።

ይህን ምልክት ለማወቅ ቋንቋ አያስፈልግም። እንጸልይ ማለት ነው።

መምህሩ አምሳ ዓመት ያደረገውን አደረገ። ራሱን ደፋ፤ ዐይኑን ጨፈነ። ለመዘምራኑም መጀመሪያ የሚያስተምራቸው ይህን ነበር፦ ስትጸልዩ ዐይናችሁን ጨፍኑ፤ ዐይን ሌባ ነው፤ ጆሮ ግን ታማኝ ነው።

ጠበቀ።

ፀሐይ ሽፋሽፍቱ ላይ አረፈች፤ ውስጡ ቀይ ሆነ። ከእግሩ ሥር መዶሻ ይመጣል፣ ይሄዳል። ጸሎቱ እስኪጀመር ጠበቀ፤ ቀጥሎም መጀመሩን የሚያውቅበት መንገድ እንደሌለው ትዝ አለው። ምናልባት ተጀምሯል። ምናልባት አልቋል። ቀዩ ነገር ውኃ ሆነ። በውኃው ማዶ አርባ መዘምራን በዳርቻው ቆመዋል፤ አፋቸው ክፍት ነው። እየዘመሩ ነው። ጣቱን ሊቀስር አሰበ፤ ክንዱ በውኃው ውስጥ ከባድ ሆነበት። እናቱም እዚያ ነበረች፤ ጀርባዋን ሰጥታ ልብስ ታጥባለች። ጠራት። ድምፁ ከአፉ ወጥቶ ውኃው ላይ እንደ ገለባ ተኛ። ቆየ። ሰፈፈ። ሄደ።

በዚያ ውስጥ ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ ጸለየ። ጸሎቱ አጭር ነበር። ካለህ አሁን ተናገር፤ ሌላ ጊዜ አልጠይቅህም አለ።

ጠበቀ። ከታች ቀጥቃጮቹ ለዕረፍት ወጡ መሰለኝ፣ መዶሻውም ቆመ። ወለሉ ሞተ። ከዚያ ወዲያ ከውስጥም ከውጭም ምንም አልነበረም። እንዲህ ያለ ምንም አጋጥሞት አያውቅም።

ገባኝ አለ በልቡ። እነዚህ ምስኪኖች ተሰብስበው የሚቀመጡት ባዶ ነገር ውስጥ ነው፤ ሌላ ነገር ቀምሰው ስለማያውቁ ባዶነቱን አያውቁትም። እዚህም የለም። እሑድን መጠበቅ ለምን አስፈለገ? አሁኑኑ ልነሣ፤ ጫማዬን ልፈልግ፤ ቤቴ ልግባ።

ጫማውን ለመፈለግ ዐይኑን ገለጠ።

፠

ሃያ ሁለት ሰው ያየው ነበር።

ዳቦ ጋጋሪው በነበረበት ቆሟል። መዳፎቹ ተገጣጥመው በነበሩበት ከፍታ ላይ ናቸው፤ ክንዱ ይንቀጠቀጣል። ሌሎቹም እጃቸውን አንሥተዋል፤ ቀለም ቀቢዋ ቀኝ ክርኗን በግራ እጇ ደግፋ ይዛለች። አንዱ ደክሞት ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ እጁን ግን አላወረደም። ሲገባ ግድግዳው ሥር የነበረው የፀሐይ ቁራጭ ወለሉን አቋርጦ የእሱ ጉልበት ላይ ደርሷል።

ጸሎቱ አልተጀመረም ነበር።

በማንም ፊት ላይ ቁጣ የለም። ዐይኑ ሲገለጥ፣ ደጅ ላይ ቆመው የሚጠብቁት ሰው በመንገዱ ጫፍ ብቅ ሲል ፊት እንደሚበራ፣ ሃያ ሁለቱም ፊቶች በሩ። ልጁ መዳፎቹን ለየ። የመጀመሪያውን ቃል ተናገረ።

መምህሩ ደነገጠ፤ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞሮ ደብተሩን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። እሷ አልሰጠችውም። በሁለት ጣቷ ዐይኖቿን አሳየችው፤ ጣቶቿን ወደ ልጁ አዞረች። ትርጉሙ ግልጽ ነበር፤ ጥያቄው ይቆይ፣ አሁን ተመልከት።

ተመለከተ።

ከጸሎቱ አንድ ቃል አላወቀም። አንድ እጅ ከደረት ተነሥቶ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ሲሄድ አየ፤ መሐል ላይ ሲያመነታ አየ፤ ከላይ የሆነ ነገር ተቀብሎ ተከድኖ ሲመለስ አየ። ከዚያ አንድ ትልቅ ከበሮ አምጥተው ወለሉ ላይ በጎኑ አስተኙት። ቀለም ቀቢዋ አንድ ጊዜ መታችው። ምቱ በሳንቃው ሄዶ በተረከዙ ገባ፤ በአጥንቱ ወጣ፤ ጎድኑ ውስጥ ተንኳኳ። ሃያ ሁለቱ ተነሥተው መዘመር ጀመሩ።

አርባ አራት እጅ ነበር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሣል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይታጠፋል፤ አየሩ ከክብደቱ የተነሣ የሚተጣጠፍ ጨርቅ ይመስላል። ከመስኮቱ የሚመጣው ብርሃን በጣቶቹ መካከል እየተቆረጠ ግድግዳው ላይ ይወድቃል፤ ግድግዳውም ይዘምራል።  ድንገት የመምህሩ ጣት ሳያዘው ተነሥቶ ከማዶ ወደ ቆመች አንዲት ልጅ ተቀሰረ። ልጅቷ ዘግይታ ነበር፤ በፀጉር ውፍረት። ጣቱን አይታ ሳቀች፤ ፈጥና ደረሰች፤ ዜማው ተስተካከለ።

ጣቱን አየ። በግምት አልነበረም።

ከዚያ እጆቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ አየር ላይ ቆሙ። ለአንድ እስትንፋስ ያህል ነው። በዚያች አፍታ ውስጥ ከሃያ ሁለቱ አንዱም ያልሠራው ነገር በክፍሉ አለፈ።  መምህሩ ወንበሩን ያዘ። ማን እንደሆነ አወቀው።

፠

ሲያበቃ ደብተሩን ሰጠችው።

«ለምን አልነካችሁኝም?» ብሎ ጻፈ። በጥድፊያ ስለጻፈው ፊደሉ የሕፃን ፊደል ሆነ።

ረጅም መልስ ጻፈችለት። ለሌላ ነገር ሁሉ እንነካካለን፣ ወለል በእግር እንመታለን፣ መብራት እናጠፋለን አለች። ለጸሎት ግን ማንም ሰው አይነካም። ሁላችንም በልጅነታችን አገጫችን እየተያዘ ፊታችን ወደ ሰው አፍ ተጠምዝዟል፤ እየኝ፣ አፌን እይ እየተባልን። ስለዚህ ይህን ቤት ስንከፍት ተስማማን። እዚህ የማንም ፊት በግድ አይዞርም። ሰውየው ራሱ እስኪያይ ይጠበቃል።

«እኔን ትታችሁ ብትጀምሩስ?»

«በሰው ጀርባ የሚጸለይ ጸሎት ሐሜት ነው።»

«እስከ መቼ ልትጠብቁኝ ነበር?»

ይህን ጥያቄ ብቻዋን አልመለሰችም፤ ዞራ ለሁሉም አቀረበችው። ክርክር ሆነ። እጆች ተምታቱ። ቀለም ቀቢዋ አንድ ነገር ተናገረችና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ዳቦ ጋጋሪው ዱቄት እስኪረግፍ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ልብስ ሰፊዋ እየሳቀች ጻፈች፦

«ተኝተው መስሎን ነበር ትላለች። ቢያንኮራፉም አንሰማ።»

ሥር ደግሞ፣ አስባ፣ ቀስ ብላ፦

«እስኪያዩ ድረስ ነበር።»

ያን ቀን ስም አወጡለት። በእነሱ ዘንድ የእጅ ስም የሌለው ሰው ገና አልመጣም፤ ስለ እሱ ማውራትም አይቻልም። ሁለት ጣት ዐይን ላይ ወርዶ ሽፋሽፍትን ይደፍናል፤ የመምህሩ ስም ይህ ሆነ። ዐይኑን የጨፈነው። ለመከራከር ሞክሮ ነበር፤ ግን የሚከራከርበት ቋንቋ አልነበረውም።

፠

እሑድ መጣ። መምህሩ አዲሱን ልብስ ለብሶ በአርባው ፊት ቆመ፤ ከመዝሙሩ በፊት ተናገረ። ጆሮዬ ሄዷል አለ። ከባለፈው ክረምት ጀምሮ ነው አለ። ከዚያ ሦስተኛው ረድፍ ድረስ ሄዶ ያቺን ልጅ ይቅርታ ጠየቃት፤ ያልተበላሸውን ስላስበላሻት። አንዳንዶቹ አለቀሱ። አንዳንዶቹ ድሮውንም ያውቁ ነበር፤ እነሱ የባሰ አለቀሱ። መሪነቱን ለሌላ ሰጠና ከሕዝቡ መሐል ሄዶ ተቀመጠ። እግሩን ከዚያ ቤት አላነሣም፤ አልቀረም ማለቴ ነው።

ጆሮው አልተመለሰም። ዓመቱ ሳይሞላ የቀረውም ሄደ፤ ሐኪሙ እንዳለው። መጨረሻ የሰማው ድምፅ የመኪና ጥሩምባ ነበር ይባላል፤ ሌላ ነገር ቢሆን ደስ ይለው ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ጫማውን በዚያ በር ላይ ያወልቃል። ጣቶቹ ደረቅ ናቸው፤ ቃል ይሳሳታሉ። ስንቱን ዘማሪ ያረመ ሰው በቀለም ቀቢዋ እጁን በጥፊ እየተመታ ይታረማል። አመሰግንሃለሁ ለማለት ፈልጎ አበድርሃለሁ ያለበት ቀን እስካሁን ይወራበታል። ዐይኑን ግን አይጨፍንም።

፠

ልጄ፣ አሁን ወደ አንቺ ልመለስ።

አንቺ ያ ሰው ነሽ። ያ ክፍል ደግሞ እናትሽ ያለችበት ቤትሽ ነው። ሰውየው ዐይኑን የጨፈነው በክፋት እንዳልነበረ አስተውይ። በአክብሮት ነው፤ ከልጅነቱ የተማረው መልካም ልማድ ነው። በዚያ ልማድ ሠላሳ ዓመት ሰምቷል። እዚያ ቤት ሲደርስ ግን ያው ልማድ በር መዝጋት ሆነ። ዝም አለኝ ባለበት ሰዓት ሁሉ የሚናገረው ፊቱ ቆሞ ነበር፤ እጁን አንሥቶ፣ ክንዱ እየዛለ፣ አገጩን ይዞ ሊያዞረው ሳይፈልግ።

ስለ ጸሎትሽ የነገርሽኝን ላስታውስሽ። ጠዋት ጠዋት ጓዳ ገብተሽ በሩን ትዘጊያለሽ፤ እናቴ ልብሴን እየጎተተች አላስጸልይ ትለኛለች ብለሻል። ከዚያ አንድ ጊዜ ስሜን ትጥራ ብለሽ ለምነሽ ጆሮሽን ትሰጫለሽ። መልሱ በስም እንዲመጣ አንቺው ወስነሻል፤ በጆሮሽ ብቻ እንዲገባም። ከበሩ ወዲያ ደግሞ ስምሽ የጠፋባት ሴት ቆማ ሳንቃውን በመዳፏ ትዳብሳለች። ማን እንደሆንሽ ካላወቀች፣ ማንን ፍለጋ ነው የምትመጣው?

ስምሽን ትጠራለች አልልሽም። የመምህሩ ጆሮ አልተመለሰም ብዬሻለሁ፤ ያንን የጨመርኩት እንዳልዋሽሽ ነው። ዝም ማለትና መተው ልዩነታቸው ምንድን ነው ብለሽ ነበር። የተወ ሰው እጁን ያወርዳል፤ ይሄዳል። ዝም ያለው ዐይንሽን እያየ የሚጠብቅ ሊሆን ይችላል። እነዚያ ልጆች ሥጋ ለባሾች ናቸው፤ ክንዳቸው ተንቀጥቅጧል። የእሱ አይዝልም።

ጸሎቴ አልተመለሰም ትያለሽ። እኔ ግን ገና አልተጀመረም እላለሁ።